የዳማ ትንፋሽና የአባባ ሙስባሃ

ባለፈው ኅዳር ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚኒባስ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ የፈረስ ላብ ሽታ። መናኸሪያው ጥግ አንድ ጋሪ ቆሟል። ፈረሱ ገና መፈታቱ ነው፤ ከጀርባው የተነሣው እርጥብ ጆንያ ጋሪው ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልሁ ቆሜ ቀረሁ። አንድ የባጃጅ ልጅ "እህቴ፣ ላድርስሽ?" እያለ ሦስት ጊዜ ቢጠይቀኝም አንዱንም አልሰማሁት። ዓይኔ የፈረሱ ሽንጥ ላይ ነበር። ሽንጡ ወጣ ገባ ሲል እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ሃያ ስድስት ላይ ስደርስ ረጋ። ደህና ፈረስ ነው፤ ባለቤቱም ደህና ሰው ሳይሆን አይቀርም አልሁና አልሐምዱሊላህ ብዬ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ይህን አቆጣጠር ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። ከተማው ጋሽ ይመር ይላቸዋል፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን።

ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ወንድሜን ወልዳ ቤቱ በአራስ ጠያቂ ሲታመስ፣ ከሕፃኑ ይልቅ የማስቸግረው እኔ መሆኔ ታወቀና ከተማው ዳር አባባ ቤት ሄጄ እንድከርም ተወሰነ። ቅር ያለኝ እንዳይመስላችሁ። አባባ ቤት ፈረስ ነበር። ሁለት ልጆቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ፦ አጎቴ ሰይድና የሁሉም ታናሽ የሆነችው አክስቴ ዘሃራ። ሴት አያቴ የሞቱት ዘሃራ ልጅ ሳለች ስለሆነ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። አባባ ጋሪያቸውን ይዘው በመጡ ቁጥር በሁለት ጣሳ ውኃ ይዛ ደጅ ትጠብቃቸዋለች፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለፈረሱ። የትኛው ለማን እንደሆነ አንድ ቀን ተሳስታ ሁለቱም ሳያማርሩ ጠጡት እየተባለ ይሣቅ ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ ነድተዋል። ሰውን ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤቱ የሚያደርሱት እሳቸውና ዳማ ነበሩ። ዳማ ስሙ እንደሚለው ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ያለችው፣ በውርንጭላነቱ ከመንዝ የወረደ ደገኛ። ኋላ ባጃጅ መጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ከተማዋን ሞላት። ጋሪ ላይ መውጣት የድሮ ሰው ነገር ሆነ። በዚያው ክረምት አባባን ወባ ጣላቸውና ጋሪውን ከነፈረሱ ለአንድ ሽንኩርት አመላላሽ አከራዩት። ዳማ ሲመለስ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ትከሻው የተላጠ፣ ከደጃፍ እስከ ውኃው ገንዳ ለመሄድ የሚያለከልክ ፈረስ ሆኖ ነበር። አባባ ከአልጋቸው ተነሡ። ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጡና ገለባ ሰጡት።

በጥቅምት ወር የዘሃራ ነገር ተቆረጠ። ሙሽራው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ይሁን፣ ሙሽራዋን የሚወስድ መኪና እኛ እንከራያለን ብለው ሄዱ። አባባ እነሱን ሸኝተው ተመለሱና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"መኪና አያስፈልግም። ዘሃራ በዳማ ትሄዳለች" አሉ።

ሰይድ የሰው ባጃጅ እየነዳ የራሱን ለመግዛት የሚያልም ሰው ነበር። ሣቁ መጣበት፤ በአባቱ ፊት ስለሆነ ዋጠው።

"አባባ፣ ይኼ ፈረስ እኮ ራሱን መሸከም አቅቶታል። ለአሸዋዎቹ እንሽጠው ብዬ አልነበር?"

አሸዋዎቹ የሚላቸው ከወንዙ አሸዋ እየዛቁ ለግንበኛ የሚያመላልሱትን ባለጋሪዎች ነው። እነሱ ጋ የሄደ ፈረስ ዓመት አይዞርም ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ዳማም የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

"በጥር ይጠነክራል" አሉ አባባ።

"ሙሽራ ጭኖ ሜዳ መሀል ቢቆምስ? ስማችን ምን ይሆናል?"

አባባ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ከኪሳቸው አወጡ። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው፣ በየሠላሳ ሦስቱ መለያ ያለው፣ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ነው። "ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት የዘሃራን ክብደት ጭነን ከደጃችን እስከ ወንዙ እንወስደዋለን። ሲቆም፣ ይቺ የመጀመሪያዋ ሠላሳ ሦስት ሳታልቅ ከረጋ ዘሃራ በእሱ ትሄዳለች። ካልረጋ መኪናው ይምጣ፤ ዳማንም ለአሸዋዎቹ ሽጠው።"

"ወላሂ በሉ።"

"ወላሂ።"

እኔ ጥግ ሆኜ ስሰማ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አባባ ሙስባሃውን ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አላህ ሠላሳ ሦስቱ ሳያልቅ ከሰማቸው ዳማ ይተርፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔም ዱዓ ለማገዝ ወሰንሁ።

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋቱ የኛ ነው። አባባ ሱብሒ ሰግደው ሲመለሱ ቀስቅሰውኝ ዳማን ይዘን እንወጣለን። ሜዳው ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ሮቢ ወንዝ ድረስ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው። ግራና ቀኙ ማሽላና ማሾ፣ መሀሉ የከብት መንገድ። ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ገና በጠዋቱ ወንጭፋቸውን ያጮኻሉ፤ ድንጋዩ አንዳንዴ በራሳችን ላይ ያፏጫል። አባባ ቀና ብለው "እኛ ወፍ አይደለንም!" ይላሉ፤ ልጆቹም በየቀኑ "ይቅርታ ጋሼ!" ይላሉ። ይህ ሰላምታቸው ነበር።

መንገዱ ላይ ሦስት ዛፎች አሉ፦ መጀመሪያ ግራር፣ መሀል ላይ ቁርቁራ፣ መጨረሻ ወንዙ ዳር ዋርካ። ፈረስ ማጠንከር ማለት መጋለብ ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ለሁለት ሳምንት ግን ጭነት በሌለው ፈረስ ከቤት እስከ ግራሩ በእርምጃ ሄድን፤ ከግራሩ ወደ ቤት በእርምጃ ተመለስን። ግራሩ ሥር አባባ ይቆሙና ዓይናቸውን ዳማ ሽንጥ ላይ ተክለው ፍሬዎቹን አንድ አንድ ያሳልፋሉ። መጀመሪያ ቀን ዘጠና ዘጠኙ አልቆ እንደ ገና ጀመሩ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ ብዙ ባልሁ ቁጥር ቶሎ ይሰማል በሚል ስሌት፣ "ሱብሓነላህ ሱብሓነላህ ሱብሓነላህ" እያልሁ ትንፋሼ እስኪያጥር አንበለብለዋለሁ። ከፈረሱ ይልቅ የማለከልከው እኔ ነበርሁ። አባባ በዓይናቸው ጠርዝ እያዩኝ ፍሬያቸውን ማሳለፍ ይቀጥላሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ታከተኝ።

"አባባ፣ መቼ ነው የምንጋልበው?"

"ምን አስቸኮለሽ?"

"ሜዳ እኮ ነው! ምንም የሚያቆመን የለም።"

"እሱ ነዋ ችግሩ" አሉ። "ዳማ የመንዝ ልጅ ነው። እዚያ ዳገት አለ። ዳገት ፈረስን ይመክራል፤ ዝግ በል ይለዋል፣ እግሩንም ትንፋሹንም ያበጅለታል። ሜዳ ግን መካሪ አይደለም። ሂድ ሂድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሜዳ ላይ ዳገቱ ጋላቢው ነው።"

"እንግዲያው ዳገቱ እኔ ነኝ?"

"ኢንሻአላህ ትሆኛለሽ" አሉ፤ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ። "ለጊዜው ጉብታም አልሆንሽ።"

በኅዳር ወር ቁርቁራው ደረስን። ቁርቁራው በስሎ ነበርና ኪሴን ሞልቼ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለዳማ እያልሁ እንከፋፈላለን፤ እሱ ፍሬውን ከነዘሩ ይቀረጥመዋል። ከዚያ ዋርካው። ከዋርካው አልፈን ወደ ወንዙ ወረድን። በጋ ላይ ሮቢ ውኃው ቀጥኖ አሸዋው ሰፊ ነው። አባባ ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዳማን አሸዋው ላይ ያመላልሱት ጀመር። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይገባል፤ ነቅሎ ያወጣል፤ እንደ ገና ይገባል። "ዳገት የሌለው ሰው ዳገቱን ይሠራል" አሉኝ። ትንሽ ራቅ ብለው አሸዋዎቹ ጋሪያቸውን ይጭናሉ። ያን ሳይ ደስ አይለኝም ነበር። ዳማን ወደ እነሱ እንዳያይ በግራ በኩል እሄድለታለሁ። ከአሸዋው በኋላ ወደ ውኃው፤ እስከ ጉልበቱ። ውኃው ውስጥ ስንሄድ የሚረጨው ፊቴ ላይ ያርፋል፤ ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው፤ አባባ ወገባቸው ድረስ ርሰው የድሮ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

በዚሁ ሰሞን አንድ ምስጢር ደረስሁበት። ዘሃራ ሳይነጋ ትነሣለች። ከማሾው ከረጢት በሁለት እፍኝ ትሰፍርና ቀቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻርፕዋ ሥር ደብቃ በጓሮ በር ትወጣለች። ገባኝ፦ ለእጮኛዋ ስንቅ ትልካለች! ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዘሃራን ስለምወዳት ለማንም አልተናገርሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ከባድ ምስጢር ተሸክሜ ሰይድን ዓይኑን ማየት ፈራሁ። አንድ ቀን ግን አላስቻለኝምና ተከተልኋት። ከጓሮው በር ወጥታ ሄደች፤ ወደ ዳማ በረት ገባች። ማሾውን ከገለባው ጋር አሸችለትና ጆሮውን እያሻሸች "ብላ፣ የኔ ሙሽራ" አለችው። እኔ እጮኛውን ስፈልግ እጮኛው ፈረስ ሆነ። ዞር ብላ ስታየኝ "ለአባባ እንዳትነግሪ። ማሾው ለገበያ ነው" አለች። ለአባባ መንገር አላስፈለገም፤ የዳማ ጎድን መሸፈን ጀምሮ ነበር። አባባም ከረጢቱ መጉደሉን አይተው እንዳላዩ ሆነዋል።

በታኅሣሥ ጭነት መጣ። ዳማ የዘሃራን ክብደት መልመድ ስላለበት ክብደቷ መታወቅ ነበረበት። ሰይድ ገበያ ወስዶ የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አቆማት። ሙሽራ ልትሆን ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ቅቤና ማር የሚያጎርሳት ጊዜ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ሲመዝናት ጨምራለች።

"ኧረ ተይ!" አላት ሰይድ። "እኛ ፈረሱን ስናጠነክር አንቺ ትከብጃለሽ። በዚህ ዓይነት እንኳን ዳማ መኪናውም አይችልሽ።"

"ቀናህ" አለችው፤ አንድ ጉርሻ ስትቀበል።

እኔና አንድ ከረጢት ማሾ አብረን ስንመዘን ልክ ዘሃራን ሆንን። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ጀርባው ላይ የምወጣው እኔ ሆንሁ፤ ከኋላዬ ከረጢቱ። ከቤት እስከ ግራሩ በእርምጃ፣ ከግራሩ እስከ ቁርቁራው በሶምሶማ፣ ከዚያ እስከ ዋርካው እንደ ገና በእርምጃ። አባባ ከዱላቸው ጋር በጎን ይከተላሉ። ዋርካው ሥር ፍሬዎቹ ይቆጠራሉ፤ ሰባ፣ ስድሳ አምስት፣ ሃምሳ። ዱዓችን እየተሰማ ነው አልሁ። ያበላሸሁትም ይህን በማመኔ ነው። ዱዓው ካለ ፈረሱ ምን ይሆናል?

አንድ ዓርብ አባባ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሰናዱ "ዳማን ግራሩ ሥር አግጪው፤ እንዳትጋልቢው" ብለውኝ ወጡ። አጋጥሁት። ጥቂት ቆይቶ ከሰይድ ጓደኞች አንዱ በባዶ ባጃጅ በከብቱ መንገድ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ጡሩንባውን ነፋና "ይኼ የጋሽ ይመር ፈረስ ይራመዳል ወይስ ይንፏቀቃል?" አለኝ። ጀርባው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ጋማው ፊቴን ሲመታኝ፣ መሬቱ ከሥሬ ሲሸሽ፣ የባጃጁ ድምፅ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ዳማ ጆሮውን አጥፎ በረረ። ቁርቁራው ጋ ስንደርስ ባጃጁ አቧራችንን እየበላ ነበር። ጮህሁ፣ ሣቅሁ፣ አንገቱን አቀፍሁት። በላብ ነጭ አረፋ ሆኗል፤ ሽንጡ እንደ ወናፍ ይነፋል። አሳዘነኝና ከሽንኩርት መስኖው ቦይ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪበቃው አጠጣሁት። ሽልማቱ መሆኑ ነው።

አባባ ሲመለሱ ዳማ መሬቱን በፊት እግሩ እየጫረ፣ አንገቱን አዙሮ የገዛ ሆዱን እያየ ነበር። ሊተኛ ጉልበቱን አጠፈ።

"ተነሥ! ተነሥ!" አሉና ልጓሙን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አጠጣሽው?"

"የቦዩን ውኃ።"

"ጋልቦ ነበር?"

ማልቀስ ጀመርሁ። "ከባጃጅ ጋር" አልሁ።

"ቀደማችሁ?"

"እስከ ቁርቁራው ቀደምነው።"

"እስከ ቁርቁራውማ ማንም ይቀድማል" አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ቢቆጡኝ በስንት ጣሙ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ። ነይ፣ ምሪው። ላቡ ሳይደርቅ ጠጥቶ ሆዱ ታስሯል፤ እንዳይተኛ።"

ትምህርቴንም ቀርቼ ግቢውን ስንዞር ዋልን። ዘሃራ አብሽ በጥብጣ በጠርሙስ ጉሮሮው ውስጥ አንቆረቆረችለት፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሰይድ ለምሳ መጥቶ ሲያየን ባጃጁን ደጅ ጥሎ ልጓሙን ከእጄ ወሰደ። ይሸጥ የሚለው እሱ፣ ስንደክም እየተቀበለን ከሁላችንም አብልጦ ያዞረው እሱ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ አለቅሳለሁ። ዳማ ሊሞት ነው፤ የገደልሁትም እኔ ነኝ። በልጅነቴ የዚያን ቀን ያህል የፈራሁበት ቀን አልነበረም። የአስር ሰላት ሲቃረብ ዳማ ቆመ፣ ጭራውን አነሣ፣ ሆዱ ተፈቶለት ፋንድያውን ዘረገፈው።

"አልሐምዱሊላህ!" ብለን አራታችንም በአንድ ድምፅ ጮህን። ዘሃራ እልል አለች። ጎረቤት እልልታውን ሰምቶ የሠርጉ ቀን ተቀየረ እንዴ ብሎ መጣ፤ የሆነውን ስንነግረው ሣቀብን። ፋንድያ እንደ ሙሽራ እልል የተባለለት የዚያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ማታ ከእራት በፊት አባባ ጠሩኝና ሙስባሃውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ከነገ ጀምሮ የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ዱዓዬ ይሰማል?" አልኋቸው።

"የምን ዱዓ?"

አስረዳኋቸው። ዱዓው ሲሰማ ዳማ እንደሚረጋ፣ እኔም በፍጥነት ሱብሓነላህ እያልሁ ሳግዛቸው እንደከረምሁ። አባባ ሣቁ፤ ሣቁና ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። "አላህን ማወደስሽስ ዚክር ነው፤ አላህ ይቀበልሽ። ግን የምቆጥረው ትንፋሹን ነው። አንድ ጊዜ ሽንጡ ወጣ ገባ ሲል አንድ ፍሬ። ፈረስ ውስጡን የሚናገርበት ሌላ አፍ የለውም። ትንፋሹ ቶሎ ከረጋ ሥራው በልኩ ነበር፤ ካልረጋ አብዝተንበታል ማለት ነው።" ከዚያ ጠጋ ብለው "እንግዲህ ዳገት ሆነሻል" አሉኝ።

አንድ ሳምንት አረፈ። ከዚያ እንደ ገና ከግራሩ ጀመርን፤ በእርምጃ። አሁን አልታከተኝም። አንዳንዴ እሱ መሮጥ ፈልጎ አንገቱን ሲያነሣ እኔ "ዝግ በል" እላለሁ፤ በአባባ ድምፅ። ቀኑ እየቀረበ ቁጥሩ ወረደ፤ አርባ አምስት፣ አርባ፣ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት ላይ አልወርድ አለ።

የፈተናው ጠዋት ሠላሳ ስምንትን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። እኔና ከረጢቱ ከላይ፣ አባባ በጎን፣ ሰይድ በባጃጁ ከኋላ፣ ዘሃራ ደጃፍ ላይ ቆማ። ግራሩን፣ ቁርቁራውን፣ ዋርካውን አለፍን፤ ወንዙ ዳር ቆምን። ሙስባሃውን ላወጣ ስል አባባ እጃቸውን ዘረጉ።

"ለሰይድ ስጪው።"

"አባባ!" አልሁ። ሰይድ እኮ ሰላቱን ባጃጅ እንዳመለጠው ሰው በጥድፊያ የሚሰግድ ነው፤ በዚያ ላይ እንዲሸጥ የሚፈልገው እሱ ነው።

"ውሉ የእኔና የእሱ ነው" አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ወንዙ ማየት ጀመሩ።

ሰይድ ሙስባሃውን ተቀበለ። የዳማን ሽንጥ አየ። ከዚያ "ሱብሓ... ነላህ" አለ፤ እንደዚያ ሲጎትተው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ፍሬ። ዳማ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። "ሱብሓ... ነላህ።" ሁለተኛ ፍሬ። መሀል ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ አምስተኛው ላይ ቆሞ ግንባሩን ከላቡ ጠረገ። ሃያ ላይ ዝንብ ከፊቱ አባረረ። እኔ አፌን በእጄ ይዤያለሁ። ሠላሳ አንደኛዋ ፍሬ ላይ ዳማ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣር ፈለገ። ሽንጡ ረጋ።

"ሠላሳ አንድ" አለ ሰይድ። "ረጋ።"

አባባ ሳይዞሩ "ዛሬስ ዚክር አብዝተሃል" አሉት።

"ቀስ ብሎ ማለቱ ነው ደጉ፤ አንቱ አይደሉ ያሉኝ" አለና ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ጡሩንባውን እስከ ቤት ድረስ እየነፋ ነው የሄደው። ዘሃራ ጡሩንባውን ሰምታ ገብቷታል።

በሠርጉ ዕለት ኒካሁ ታስሮ፣ ተበልቶ፣ ተዘፍኖ፣ ሙሽራዋ ተሸፍና ወጣች። ዳማ ጋማው ተጎንጉኖ፣ ከጎረቤት የተለመነ ቀይ ግላስ ለብሶ ቆሟል። ሰይድ እህቱን አንሥቶ ዳማ ላይ አወጣት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በኛ ዘንድ አባት ልጁን ሲድር ከደጃፉ አይወጣም። ይመርቃል፣ ይቀመጣል፤ የሚሸኛት ወንድሟና ጓደኞቿ ናቸው። አባባ ግን መረቁና ዱላቸውን አነሡ፤ የዳማን ልጓም ያዙ።

ከሙሽራው ሽማግሌዎች አንዱ ግራ ገባቸው። "ጋሽ ይመር፣ አንቱ ወዴት? የአባት ወግ ያውቁታል አይደል?"

"አሳምሬ አውቀዋለሁ" አሉ አባባ። "እኔ እንደ አባት አይደለም የምሄደው። እንደ ባለፈረስ ነው። ይኼ ፈረስ ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው ሲመራው አይሄድም።"

ሦስት ወር ሙሉ አብሬ የመራሁት እኔ አይደለሁ? "እኔም እኮ..." ብዬ አፌን ስከፍት ሰይድ እግሬን ረገጠኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አባቱን ነበር የሚያየው። ያኔ ገባኝ። የባጃጅ ጥላቻ አልነበረም፤ ግትርነትም አልነበረም። መኪና ቢመጣ ኖሮ አባባ ከደጃፉ ይቀሩ ነበር።

ሽማግሌውም ገብቷቸው መሰለኝ፣ "ባለፈረስማ መንገድ አይከለከልም" አሉና አሳለፏቸው።

ሜዳውን ሁሉ በእርምጃ ሄድን። ከበሮው ከኋላ፣ ማማዎቹ ባዶ፣ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ከወትሮው ይበልጥ ሰፍቶ። ወጣቶቹ "አንድ ግልቢያ እንኳን ይሁን እንጂ!" ይላሉ፤ አባባ አይሰሙም። እንዲያውም ከግራሩ በኋላ ዝግ አሉ፤ ከቁርቁራው በኋላ ይበልጥ ዝግ አሉ። ዘሃራ ከመሸፈኛዋ ሥር እጇን አውጥታ የአባቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ ነበር። ወንዙን ስንሻገር ውኃው እስከ ዳማ ጉልበት ደረሰ፤ እሳቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ።

ሙሽራው ደጃፍ ላይ ሰይድ እህቱን ሲያወርድ እልልታው ቀለጠ። እኔ ሥራዬን አልረሳሁም። ሙስባሃውን አወጣሁና ዳማ ሽንጥ ላይ ዓይኔን ተከልሁ። በሃያ ዘጠኝ ረጋ፤ ያለ ሰይድ እርዳታ። ልነግራቸው ወደ አባባ ዞርሁ። ልጓሙን እንደያዙ ፊታቸውን በዳማ አንገት ላይ ደፍተዋል፤ ትከሻቸው ወጣ ገባ ይላል። ጠጋ ብዬ መቁጠር ጀመርሁ። ሠላሳ ሦስቱ አለቀ፣ ስድሳ ስድስቱ አለቀ፣ ዘጠና ዘጠኙም አልቆ እንደ ገና ስጀምር አባባ ገና አልረጉም ነበር።